የማፈናጠጫው ዓምድ

የጎንደር ሰው ሳያወዳድር አይገዛም ይባላል። ስም ማጥፋት ነው። የጎንደር ሰው ያወዳድራል፤ መግዛቱን ለሌላ አገር ሰው ይተዋል። ቅዳሜ ገበያ ወርደን የወገራን ገብስ ከደንቢያው፣ የጭልጋን ማር ከአዲ አርቃዩ እናወዳድራለን፤ ዘግነን፣ አሽትተን፣ ቀምሰን፣ ሻጩን የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀን፣ በመጨረሻ «ዞረን እንመጣለን» እንለዋለን። ሻጩም አይቀየመንም። እሱም ጠዋት ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ «ዞሬ እመጣለሁ» ብሎ ነው የመጣው። በዚህ ከተማ ዞረው ይመጣሉ ተብለው የሚጠበቁ ሰዎች ቢቆጠሩ ከነዋሪው ይበልጣሉ።

በዕቃ ብቻ አናበቃም። ሠርግ ሄደን ሙሽራዋን ካምናዋ ሙሽራ፣ ልቅሶ ሄደን ድንኳኑን ከጎረቤቱ ድንኳን እናወዳድራለን። ጥምቀት ዕለት ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ የየታቦቱን አጃቢ ብዛት እናወዳድራለን። «እኔስ እንዲህ ያለ አመል የለብኝም» የምትሉ ካላችሁ፣ ይኸው ራሳችሁን ከእኛ ጋር አወዳደራችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ባሌ አዛናው ግን ከሁላችንም የባሰ ነበር። «ነበር» የሚለውን ቃል ገና አልለመድኩትም፤ ብዕሬም እዚያ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ካረፈ ዓመት ከጥቂት ቀን ሆነው። ይህን የምጽፈው እንዳልረሳው ነው። ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚቀበረው ጥፋቱ ነው፤ ልቅሶ ቤት የመጣው ሁሉ «ደግ ነበር፣ ትሑት ነበር» ሲለኝ ሰነበተ። አልዋሹም። ግን ጥፋቱ የተቀነሰበት አዛናው የእኔ አዛናው አይመስለኝም፤ ፎቶው ላይ መነጽሩን እንዳወለቁበት ያህል ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ልጻፍለት። ጥፋቱ አንድ ነው፦ ሁለት ሞተር ብስክሌቶችን ስድስት ዓመት ሙሉ አወዳድሮ አንዷንም ሳይገዛ ሞተ።

አዛናው የግብርና ሠራተኛ ነበር። ዕድሜውን በመንግሥት ሞተር ከዳባት እስከ አምባ ጊዮርጊስ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ገደል አፋፍ ሲመላለስ ኖረ። ያቺ ሞተር ደካማ ነበረች፤ ዳገት ላይ እሱ ወርዶ ይገፋታል፣ ቁልቁለት ላይ እሷ ትገፋዋለች። ጡረታ የወጣ ዕለት አስረክቧት በእግሩ ሲመጣ ፊቱ ሚስት እንደፈታ ሰው ጠቁሮ ነበር። እራት ላይ እንዲህ አለኝ፤ «የሺ፣ ዕድሜ ልኬን የሰው ሞተር ነዳሁ። ጉልበቴ ሳይከዳኝ አንድ የራሴ፣ አንድ ጠንካራ ሞተር ልንዳ።» ከአባቱ የደረሰውን የባሕር ዛፍ ሸጦ ገንዘቡን አስቀመጠ። ስለዚህ «አጥቶ ነው» እንዳትሉኝ። ያጣው ውሳኔ ነው።

የመረጠው ዓይነት ደግሞ ተራ አይደለም። የፕላስቲክ ሽፋን የሌላት፣ አጥንቷና አንጀቷ በግላጭ የሚታይ፣ ከመቶ በላይ የፈረስ ጉልበት ያላት ናት። በእንግሊዝኛ «ራቁት» ይሏታል አለኝ። ጎረቤት ሰምቶ እንደሆነ በመስኮት አየሁ። «እባክህን፣ ይህን ቃል የነፍስ አባታችን ባሉበት እንዳታነሳው» አልኩት። ስልኩን አቀረበልኝና ሁለት ሥዕል አሳየኝ። አንዷ የጃፓን፣ አንዷ የጣሊያን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ «ጃፓኗ» እና «ጣሊያኗ» የሚባሉ ሁለት ሴቶች ገቡ። ሌላ ሴት በአንድ ጣውንት ትንገበገባለች፤ እኔ ሁለት መጡብኝ፣ ሁለቱም ቀጫጭን።

አስተማሪ ሳለሁ የተረፈኝን ባለ ካሬ ደብተር ሰጠሁት። አሰመረበት። ጉልበት፣ ክብደት፣ ቁመት፣ ፍሬን፣ የነዳጅ ፍጆታ፣ ድምፅ። ድምፅን እንዴት እንደሚለካ ስጠይቀው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደቀነና «ይቺ ታጉረመርማለች፣ ያቺ ደግሞ ትዘምራለች» አለኝ። እኔ የሰማሁት ወፍጮ ነው። ጃፓኗ ጠዋት ታሸንፍና ማታ ጣሊያኗ ትበልጣለች፤ በነጋታው ደግሞ አዲስ ዓይነት ይወጣና ሁሉም እንደገና ይሰመራል። ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን በሚሰለፉበት፣ መንገዱም ሲከፈትና ሲዘጋ በሚውልበት አገር፣ ባሌ «ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅባታል» የሚል ዓምድ ነበረው። ሰከንድ ቆጣቢ ሕዝብ መሆናችንን ያወቅሁት ያኔ ነው።

የጎንደር ሰው ደግሞ ብቻውን አያወዳድርም፤ ሸንጎ ያስፈልገዋል። የአዛናው ሸንጎ የሚቀመጠው አራዳ፣ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ነበር። ሐጂ ኑሩ አያት ቅድመ አያታቸው መተማ ድረስ ሲነግዱ የኖሩ፣ እሳቸው ግን የሞተር መለዋወጫ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ስለ ፍጥነት አይሰሙም። «ዕቃዋ የማይገኝ ሞተር ዘመድ እንደሌላት ሙሽራ ናት፤ ስታኮርፍ የሚያስታርቅ የለም» ይላሉ። ለጃፓኗም ለጣሊያኗም ዕቃ የላቸውም። ስለዚህ ሁለቱንም ያሙ ነበር።

ሁለተኛው የሸንጎ አባል የአዛናው ታላቅ ወንድም አያ ቢተው ነው። ዳባት የሚኖር ገበሬ ሲሆን በበቅሎ ምርጫ አገር የሚመሰክርለት ነው፤ የሠርግ በቅሎ የሚፈልግ ሁሉ እሱን ይዞ ገበያ ይወጣል። አዛናው ስለ ፈረስ ጉልበቱ ሲያብራራለት በጥሞና ሰማና ጠየቀ፤

«ስንት ፈረስ አልከኝ?»

«መቶ አስራ አምስት፣ አያ።»

«መቶ አስራ አምስት ፈረስ ያለው ሰው ደጃዝማች ነው። አንተ የግብርና ሠራተኛ ነህ። ምነው አንድ ሸጋ በቅሎ አይበቃህም?»

ጣሊያኗን ደግሞ ከመጀመሪያው ጠላት። «የጣሊያን ነገር ደጄን አይረግጥም» ብሎ ተቆጣ። ይህን የተናገረው ፒያሳ፣ ጣሊያን በሠራው ቤት በረንዳ ላይ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ ነው። ማንም አልሳቀም። እኛ ጣሊያንን የምንጠላው በወጉ ተቀምጠን ነው።

እንግዲህ እኔ የት ነበርኩ ትሉኛላችሁ። እኔ ከዳር ነበርኩ፤ ምክንያት ነበረኝ። በተጋባን በመጀመሪያው ክረምት አዛናው በዚያች በደካማዋ ሞተር አፈናጥጦኝ ከዳባት ወደ ጎንደር ስንመጣ፣ አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን የነጠላዬ ጫፍ የኋላው ጎማ ውስጥ ገባ። ነጠላው እኔን፣ እኔ እሱን፣ እሱ ሞተሩን ይዘን ጭቃ ውስጥ ገባን። ትከሻዬ ወለቀ። ጭቃው ውስጥ እንደተቀመጥኩ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ወደኋላዬ አየሁና «ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው፣ ዳግመኛ በሞተር ጀርባ ብፈናጠጥ!» ብዬ ተገዘትኩ። ከቅዱሳን ሁሉ መርጬ፣ ራሱ ፈረሰኛ የሆነውን አስመሰከርኩት። ግዝት በአገራችን ቀልድ አይደለም። አዛናው ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን «ነይ ላድርስሽ» ብሎኝ አያውቅም። እሱ በሞተር፣ እኔ በአውቶቡስ፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ኖርን። በዓል በመጣ ቁጥር እሱ ቀድሞ ይደርስና መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ጣሊያኗ በአካል የመጣችው በአምስተኛው ዓመት ነው። አዘዞ ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ መሐንዲስ ከአዲስ አበባ ይዟት መጥቶ ኖሮ፣ ሥራው አልቆ ሊዛወር ሲል ሊሸጣት ፈለገ። ወሬው አራዳ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ከቆመበት ተነስቶ መቶ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነገር ቢኖር የእኛ ወሬ ነው። አዛናው ያን ሌሊት አልተኛም አልልም፣ ተኝቷል፤ ግን መነጽሩን አላወለቀም።

በነጋታው ሸንጎው ወደ አዘዞ ወረደ። እኔም እዚያ ሰፈር ለቅሶ መድረስ ነበረብኝና አብሬ ሄድኩ፤ ግን ግቢው ውስጥ ካለች አንዲት ዋርካ ሥር ቆሜ አልጠጋም አልኩ። ሞተሯ ቀይ ናት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታምር ነበር። ሥዕሉ ላይ ያላየሁት ነገር ቢኖር እንደቆመች የምትሄድ መምሰሏ ነው። አያ ቢተው ዞራት። ጎኗን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት፣ እንዳትራገጠው ከኋላዋ ራቅ ብሎ ቆመ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጎማዋን ጥርስ መረመረ።

«ዕድሜዋ አልገፋም» አለ። «እስካሁን ስንት ጌታ አይታለች?»

«እኔ ብቻ ነኝ» አለ መሐንዲሱ።

«አመል አላት?»

«ኧረ የለባትም፣ አባቴ። ሞተር ናት እኮ።»

«አመል የሌለው ፍጡር የለም፤ አንተ አላወቅክባትም» አለና አያ ቢተው ለአዛናው በጆሮው ማንሾካሾክ ጀመረ፤ ማንሾካሾኩ ዋርካው ሥር ድረስ ይሰማል። «ሸጋ ናት። ጣሊያን ብትሆንም ሸጋ ናት።» ሐጂ ኑሩ ደግሞ እየዞሩ፣ የሚሰበረውን ክፍል ሁሉ በጣታቸው እየነኩ «ይህ የለም፣ ይህም የለም፣ ይህ ደግሞ ጭራሽ የለም» ይላሉ። የሌለው ሁሉ እዚያው ሞተሯ ላይ ነበር።

አዛናው ግን ዝም ብሎ ወደ ኋላዋ ሄደ። ከኪሱ የእኔን የልብስ መስፊያ ሜትር ሲያወጣ አየሁት። ለካ ከትናንት ጀምሮ ስፈልገው የነበረው ሜትር እሱ ዘንድ ኖሯል! የኋላ መቀመጫዋን ለካ፤ አንድ መዳፍ የማትሞላ፣ እንደ ቆጥ ከፍ ብላ የተሰቀለች ነገር ናት። ወደ ወርዷ ለካ፣ ወደ ቁመቷ ለካ፣ ከመሬት ለካ። ደብተሩን አወጣና ጻፈ። የጤፍ ከረጢት የሚጭንባት መሰለኝ። «ይኸው፣ የመቶ አስራ አምስት ፈረስ ጌታ ወፍጮ ቤት ሊሄድባት ነው» ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ።

መሐንዲሱ ቁልፉን ዘረጋለት። «ይንዷት፣ ይሞክሯት።» አዛናው ቁልፉን አየ፣ መቀመጫዋን አየ፣ ከዚያ ዋርካው ሥር እኔን አየ። ምነው አየኸኝ አላልኩትም። እጁን መለሰና «እናስብበት» አለ።

አያ ቢተው ደስ አለው። የበቅሎ ደንብ ይህ ነው፤ ከመግዛት በፊት ሦስት ጊዜ ትታያለች፤ አንዴ ሳትበላ፣ አንዴ ስትሠራ፣ አንዴ ሲደክማት። ባንድ ቀን በቅሎ የገዛ ሰው በዳባት አገር ልጅ አይድሩለትም። መሐንዲሱ ግን የዳባት ሰው አልነበረም። ሸንጎው ለሁለተኛው ጉብኝት ሲወርድ ግቢው ባዶ ሆኖ ቆያቸው፤ ፒያሳ አጠገብ ያለ አንድ ባለ ሆቴል አንዴ አይቶ፣ አንዴ ጠይቆ ወስዷታል። ባለ ሆቴሉ ሞተር መንዳት አይችልም። ደጃፉ ላይ አቆማት፤ ሙሽሮች እየወጡባት ፎቶ ይነሣሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ያሳደጉን ሰዎች ያልቸኮለችው ምን እንደምትለቅም አልነገሩንም።

ያን ቀን ክፉ ነገር ተናገርኩት። «አንተ ሞተር አትፈልግም» አልኩት። «ወሬዋን ነው የምትፈልገው። ሞተሯን ከገዛህ ነገ አራዳ ሄደህ ምን ታወራለህ?» ሳቀ። መነጽሩን እየጠረገ «ሳይሆን ይቀራል፣ የሺ?» አለኝ። ከዚያ ደብተሩን ከፈተና ሌላ ሞተር አሰመረ። በዓመቱ ሆዱን አመመው፤ ሕመሙ አላወዳደረም፣ አላማከረም፣ በሦስት ሳምንት ወሰደው።

በአርባው ዕለት፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲበታተን፣ የነፍስ አባታችን ጥላቸውን ይዘው አጠገቤ ቀሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የአዛናው ነገር አንድ ያላለቀ ጉዳይ አለኝ። ኑዛዜ አይደለም፤ ኑዛዜ ቢሆን አፌን አልከፍትም። ጥያቄ ነው። ስለዚያች ስለ… ልብስ ስለሌላት ሞተር።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ነግሯቸዋል!

«አንቺ በጊዮርጊስ ተገዝተሻል አሉ። ያንን ግዝት እፈታ እንደሆነ ሊጠይቀኝ መጣ። እኔም ‘የተገዘተችው ራሷ ትምጣ፣ ጥቂት ሰግዳ ትፈታለች፣ ቀላል ነው’ አልኩት። ‘አይ አባ፣ መጀመሪያ የሚመቻት መቀመጫ ያላትን ላግኝ’ አለኝ። ‘ሳላገኝ ብለምናት እሺ ትለኛለች፤ እሺ ካለችኝ ደግሞ ዳግመኛ እጥላታለሁ’ አለኝ። ያገኘ ዕለት ሊመጣ ነበር። አልመጣም።»

ደብተሩን ያወጣሁት እንግዶቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ነው። ስድስት ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ ጉልበት፣ ክብደት፣ ፍሬን ሲል እሰማ ነበር እንጂ ገልጬ አይቼው አላውቅም። በየገጹ የመጨረሻው ዓምድ «ማፈናጠጫ» ይላል። ጃፓኗ በጉልበት ታሸንፋለች፤ ማፈናጠጫዋ ላይ ኤክስ። ጣሊያኗ በፍሬን ታሸንፋለች፤ ማፈናጠጫዋ ላይ ኤክስ። የወጣ አዲስ ዓይነት ሁሉ፣ አሥራ ዘጠኝ ሞተር፣ ሁሉም እዚያች ዓምድ ላይ ወድቋል። ባሌ አለመወሰን አልነበረበትም። ወስኖ ነበር። ለአንዲት የተገዘተች ሴት የሚመች መቀመጫ እስኪያገኝ ድረስ ሳይጠይቃት ይጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ እሺ አልልም ብዬ ተቀምጫለሁ። ስድስት ዓመት ተከባብረን ሞተሯ አመለጠችን። ሰው በጠብ ትዳሩን ያፈርሳል ይባላል፤ በይሉኝታ የሚያጣውን ቢቆጥሩት ግን ጠብ ይሻለው ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ «የየሺ ልክ» የሚል አለ፤ ከሥሩ አርባ ስምንት ሳንቲ ሜትር። አለቀስኩ። ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ሜትሩን አመጣሁና የመቀመጫዬን ወርድ ለካሁ። ሠላሳ ሰባት! ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ስኖር በዓይኑ ነው የለካኝ፣ ያውም ጨምሮ! ዕንባዬን ጠርጌ ፎቶውን ገላመጥኩት። በሐዘን ላይ ያለች ሴት ልትናደድ እንደምትችል ማንም አይነግራችሁም፤ እኔ ነገርኳችሁ።

ለግዝቱ ሳምንት አልፈጀሁም። ሰገድኩ፣ ተፈታሁ። የነፍስ አባታችን «ሞተሯ ግን የት አለች?» ብለው ጠየቁኝ። «አሁን እንኳ ለነፃነቴ ነው፣ አባ» አልኳቸው።

የሙት ዓመቱ ተዝካር ባለፈ ማግስት አያ ቢተውን መናኸሪያ ልሸኘው ስንወጣ በፒያሳ አለፍን። ጥቁሬን አላወለቅኩም ነበር። ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ጣሊያኗ ቆማለች፤ መስተዋቷ ላይ የሙሽሮች ሪባን ታስሮ፣ እዚህ ከቆመች ወዲህ አንድ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ የጎማዋ ጥርስ ያው ሙሉ ነው። ሙሽሮች ወርደው፣ ፎቶ አንሺው ቀጣዩን ይጠብቃል። ቆምኩ።

«ምነው?» አለኝ አያ ቢተው።

«አያ፣ በቅሎ ጀርባ ወርዷ ስንት ነው?»

«ወርዷ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ማን ለክቶት ያውቃል? በቅሎ ላይ እንደ ዱካ ወንበር አይቀመጡባት፤ እግር ከፍቶ ነው። ቀጭን በሆነች ቁጥር ለጭን ትመቻለች። ይህን ያላወቀ ሰው በቅሎ አይግዛ።»

አያ ቢተው ስድስት ዓመት በሸንጎው ውስጥ ተቀምጧል። ማንም አልጠየቀውም። ወንድሙ ዝም ብሎ ለካ፣ ዝም ብሎ ጻፈ፣ ዝም ብሎ ኤክስ አደረገ።

ነጠላዬን አወለቅሁና ለአያ ቢተው አስያዝኩት፤ ከነጠላ ጋር ያለኝን ነገር አልረሳሁም። ጥቁር ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በእግር ማስቀመጫዋ ተንጠላጥዬ ኋላዋ ላይ ወጣሁ። መንገደኛው ቆሞ አየኝ። አራዳ ከመድረሴ በፊት ወሬዬ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ተቀመጥኩ። ያቺ መዳፍ የማትሞላ፣ ባሌ ስድስት ዓመት ኤክስ ያደረገባት፣ አንድ ሞተርና አንድ ዕድሜ የከፈለባት መቀመጫ ልክክ አለችኝ። ከፊቴ ደግሞ ሰፊ ባዶ ወንበር።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሣና መልሶ አወረደው።

«እማማ፣ ያማረ ነው፤ ግን ከፊት የሚቀመጡት ሰውዬ ይምጡ እንጂ። የት ሄዱ?»

«አንተ አንሣ» አልኩት። «እሱ ገና እያወዳደረ ነው።»